በየትኛው ይጀመር? የኤማ ሮትስቻይልድን ሦስት መጻሕፍት ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ስለ ኢምፓየር፣ ስለ ፍልሰትና ስለ አብርሆት ዘመን (በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ምክንያታዊነትንና ነፃነትን ያነገበው ንቅናቄ ዘመን) አስተሳሰብ በአንድነት ማንበብ የሚፈልግ ሰው መጽሐፍ አያጣም፤ የሚያስቸግረው ጸሐፊዎቹ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው መሄዳቸው ነው። ስለ አብርሆት የሚጽፉት በፈላስፎቹ ላይ ያተኩራሉ፤ ስለ ኢምፓየር የሚጽፉት የንግድ ኩባንያውን፣ ጦሩንና ገዥውን ይከተላሉ፤ ስለ ፍልሰት የሚጽፉት ደግሞ መርከብና ሰው ይቆጥራሉ። ሦስቱን ጉዳዮች በአንድ ክር ሊቋጩ ከሞከሩት የታሪክ ምሁራን መካከል በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤማ ሮትስቻይልድ ይገኙበታል። ከሥራዎቻቸው ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅሙት ሦስት መጻሕፍት አሥር አሥር ዓመት ተራርቀው የወጡ ናቸው፦ በ2001 «ኢኮኖሚያዊ ስሜቶች»፣ በ2011 «የኢምፓየሮች ውስጣዊ ሕይወት»፣ በ2021 ደግሞ «ማለቂያ የሌለው ታሪክ»። ርዕሶቹን ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው በወጡበት ቅደም ተከተል ማንበብ ይመርጣል፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር፤ ዛሬ ግን ለማንም አልመክረውም። መጻሕፍቱን እርስ በርስ የሚለያቸው ዋናው ነገር ርዕሳቸው ሳይሆን የቆሙበት ሰነድ ነው። የመጀመሪያው የታተሙ ድርሳናትን፣ ማለትም ጽፈው ያሳተሙ ሰዎች የተዉትን፣ ያነብባል። ሁለተኛው ለኅትመት ያልታሰቡ ደብዳቤዎችን፣ ኑዛዜዎችንና የፍርድ ቤት ወረቀቶችን ይመረምራል። ሦስተኛው የሚነሣው ስሟን እንኳ መጻፍ ከማትችል ሴት ነው፤ ስለዚህ የሚተማመነው ሌሎች ስለ እርሷ በጻፉት የውል ሰነድና የደብር መዝገብ ላይ ነው። አንባቢው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ርዕስ ይማርከኛል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እኔ ራሴ የምሠራበት ሰነድ ከየትኛው ጋር ይመሳሰላል?» ብሎ ጭምር ነው።

ኢኮኖሚያዊ ስሜቶች

የዚህ መጽሐፍ ዋና ባለታሪኮች ስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚ አሳቢ አዳም ስሚዝና ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኮንዶርሴ ናቸው። መከራከሪያው ሲጠቃለል፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ስለ ገበያ የተጻፈው ነገር ስለ ስሜት፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ነፃነት ከተጻፈው ተነጥሎ ሊነበብ አይችልም የሚል ነው። ከምዕራፎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ስለ «የማይታየው እጅ» የሚናገረው ነው። ዛሬ ማንኛውም የኢኮኖሚክስ ተማሪ የስሚዝ ዋና ትምህርት አድርጎ የሚጠቅሰው ይህ ሐረግ በስሚዝ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ አንዴ ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ በጻፈው ውስጥ የጁፒተር እጅ ሆኖ፣ አንዴ በ1759 ስለ ሥነ ምግባር ስሜቶች ባሳተመው ድርሳን፣ አንዴ ደግሞ በ1776 ስለ ሀገራት ሀብት በጻፈው መጽሐፍ። ሮትስቻይልድ ሐረጉን ከሼክስፒር ማክቤዝ ደም ከነካው የማይታይ እጅ ጋር አያይዘው ስሚዝ የተጠቀመበት በለዘበ ምፀት እንደሆነ ይከራከራሉ። ክርክሩ ሁሉንም አላሳመነም፤ ሆኖም አንድን ጽሑፍ በጻፈው ሰው ዘመን ጆሮ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ ማግኘት ይከብዳል።

ኮንዶርሴ በ1794 በእስር ቤት ሞተ፤ ከዚያ በፊት በተሸሸገባቸው ወራት ስለ ሰው ልጅ አእምሮ እድገት ይጽፍ ነበር። ስሚዝ ያረፈው በ1790 ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት የፈረንሳይ አብዮት ያስደነገጣቸው ወገኖች ሥራውን ቀስ በቀስ ለወግ አጥባቂዎች እንዲመች አድርገው ተረጐሙት። የአንድ አሳቢ ስም ከሞቱ በኋላ እንዴት እንደሚለወጥ ማወቅ የሚሻ ሰው ይህን ክፍል ሳያነብ አይለፍ።

ለኢምፓየርና ለፍልሰት ብሎ የመጣ አንባቢ ግን እዚህ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስሚዝ የአሜሪካን መገኘትና በጉድ ሆፕ ርእሰ ምድር ዞሮ ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከተመዘገቡት ክንውኖች ሁሉ ታላላቆቹ ብሏቸዋል፤ በሕንድ ይነግድና ይገዛ የነበረውን የብሪታኒያ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያንም ክፉኛ ነቅፏል፤ የመጽሐፉ ክብደት ያለው ግን በሌላ ስፍራ ነው። ስለ ፈረንሳዊው የኢኮኖሚ አሳቢና ሹም ቱርጎና ስለ እህል ንግድ ነፃነት የሚናገሩት ገጾችም የፈረንሳይን ታሪክ አስቀድሞ ለማያውቅ ይከብዳሉ። የፍልስፍና ወይም የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከሆኑ በዚህ ይጀምሩ፤ ካልሆኑ ለመጨረሻ ያቆዩት።

የኢምፓየሮች ውስጣዊ ሕይወት

በስኮትላንድ ደቡባዊ ድንበር አካባቢ ዌስተርሆል በተባለ ርስት ይኖር የነበረ ጆንስቶን የሚባል ቤተሰብ ነበር። መኳንንት ተብለው በዕዳ የተያዙ ነበሩ። ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን የደረሱት ልጆች አሥራ አንድ ሲሆኑ አራቱ ሴቶች፣ ሰባቱ ወንዶች ነበሩ። መጽሐፉ እነዚህን አሥራ አንድ ሰዎች ይከተላል፤ የእነርሱን ፈለግ ሲከተልም የዘመኑን የብሪታኒያ ኢምፓየር ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ማርጋሬት የስቱዋርትን ሥርወ መንግሥት ወደ ዙፋን ለመመለስ ከተነሡት ዐመፀኞች ጋር ወግና በኤዲንብራ ግንብ ታሰረች፤ በ1746 ልብሷን ለውጣ አመለጠች፤ ፈረንሳይ ውስጥም ሞተች። ፓትሪክ በ1756 ካልካታ ውስጥ በእስር ሞተ። ጆን በቤንጋል የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ሆኖ ፋርስኛና ቤንጋልኛ ተምሮ ሀብት አካብቶ ተመለሰ። ጆርጅ የምዕራብ ፍሎሪዳ የመጀመሪያው የብሪታኒያ ገዥ ሆነ። አሌክሳንደር በግሬናዳ ደሴት በባሮች ጉልበት የሚለማ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ገዝቶ የቤተሰቡን ርስት ስም አወጣለት። ዊልያም ባለጸጋ ወራሽ አግብቶ በእርሷ ቤተሰብ ስም ፑልተኒ ተባለ፤ የአዳም ስሚዝና የፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ወዳጅም ነበር። ቤቲ ደግሞ ከወላጆቿ ጋር ቀርታ ከየአህጉሩ የሚመጣውን ወሬ ትቀበልና ለሌሎቹ ታስተላልፍ ነበር።

ከሦስቱ መጻሕፍት ፍልሰትን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ የሚያሳየው ይህ ነው። ከስደተኛ ዘመድ ደብዳቤ፣ ዕቃና ገንዘብ እየተቀበለ ላደገ አንባቢ ከማብራሪያው በፊት ስሜቱ ይገባዋል፤ ማን ለማን እንደጻፈ፣ ማን እንደተኳረፈ፣ የሄደው ሰው ገንዘብ የቀረውን ሰው ኑሮ እንዴት እንደለወጠ የሚናገሩት ገጾች ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ዘመድ ያለውን ሰው ሩቅ አገር አይወስዱትም። ልዩነቱ ጆንስቶኖች በሄዱበት ሁሉ ሰውን በገንዘብ የሚገዙና ይህንንም የሚፈቅድላቸው ሕግ የነበራቸው መሆኑ ነው፤ ይህን መርሳት መጽሐፉን አለቦታው ማንበብ ነው።

የመጽሐፉ ልብ ያለው ግን ከጆንስቶኖች አንዳቸው ላይ አይደለም። ጆን ከሕንድ ሲመለስ በቤቱ የምታገለግል አንዲት ወጣት አብራ ወደ ስኮትላንድ መጣች። ሰነዶቹ የሚጠሯት «ቤል ወይም ቤሊንዳ» ብለው ነው። አንድ ሰው በሞት ወንጀል ተከሶ ስሙ እንኳ በ«ወይም» የተንጠለጠለበትን ያን ወረቀት አንባቢው ልብ ብሎ ይየው። ቤል በ1771 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሕፃኑ ሞቶ ተገኘ፤ በልጅ መግደል ተከሳ ፐርዝ ላይ ለተሰየመው ፍርድ ቤት ቀረበች። በሞት ከሚያስቀጣው ክርክር ይልቅ ከአገር መባረርን በማመልከቻ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተልካ ዕድሜ ልኳን በባርነት እንድትሸጥ ወሰነ፤ ወደ ቨርጂኒያም ተላከች። ሮትስቻይልድ እንደሚሉት በብሪታኒያ ደሴቶች ውስጥ ፍርድ ቤት ባሪያ ናት ብሎ የበየነባት የመጨረሻዋ ሰው እርሷ ናት። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1772፣ እንግሊዝ ውስጥ ሶመርሴት በተባለ ባሪያ ጉዳይ ዳኛው አንድን ባሪያ ከአገር አስገድዶ ማውጣት እንደማይቻል ፈረዱ። በ1778 ደግሞ የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጆሴፍ ናይት ጉዳይ ባርነት በስኮትላንድ ሕግ ድጋፍ እንደሌለው ወሰነ። ናይትን ባሪያዬ ነው ብሎ የተከራከረው ጆን ዌደርበርን ያገባው የዚያችኑ ከግንብ ያመለጠችውን የማርጋሬትን ልጅ ነበር። ሁለቱም ጉዳዮች በአንድ ቤተሰብ ዙሪያ መገኘታቸው የመጽሐፉን ዘዴ ያስረዳል፦ ዝምድናን ተከትሎ የሄደ ሰው የሕግ ታሪክ ብቻ የሚያነብ ሰው የማያየውን ያያል።

የአብርሆት ጥያቄም የሚገባው በዚህ በኩል ነው። የስድስተኛው ምዕራፍ ርዕስ የሆነው «አብርሆት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1784 በድርሰቱ ከመለሰው ጋር አንድ ነው፤ እዚህ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለፈላስፋ ሳይሆን መጽሐፍ እየገዛ፣ ከሂዩም ጋር ራት እየበላ፣ በማግሥቱም ስለ ባሮች ዋጋ ደብዳቤ ለሚጽፍ ቤተሰብ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ባርነትን የሚቃወምና በባሮች ሀብት የሚኖር ወንድም ነበሩ፤ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ሰው ነበሩ። ሮትስቻይልድ ግብዝነት ብለው አያልፉትም፤ የሰዎቹ አእምሮ ሁለቱን እንዴት ጎን ለጎን እንዳስቀመጠ ለማወቅ ይጥራሉ። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ልስላሴ ይቆጥረዋል። እኔም በጆን ላይ ፍርዳቸው ትንሽ ጠንከር ቢል እወድ ነበር።

የዚህ መጽሐፍ ችግር አንድ ነው፤ እርሱም የስም መደጋገም ነው። በየትውልዱ ጄምስ፣ ጆን፣ ጆርጅና ማርጋሬት እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ ማስታወሻዎቹም እጅግ ብዙ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብበው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ጆኖችን አንድ ሰው አድርጌ ግራ ገብቶኝ ዘጋሁት። በሁለተኛው ሙከራ የአሥራ አንዱን ስም፣ የሄዱበትን አገርና የሞቱበትን ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ ከዚያ በኋላ አልተቸገርሁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ታሪኩን በቅደም ተከተል ይተርካሉ፤ የቀሩት አምስቱ ያንኑ ሕይወት በኢኮኖሚ፣ በኢምፓየር፣ በአብርሆት፣ በስሜትና በ«ሌሎች ሰዎች» በኩል እንደገና ያዩታል። ጊዜ ያጠረው ሰው ሦስቱን የትረካ ምዕራፎች፣ ስድስተኛውንና ስምንተኛውን ቢያነብ ዋናው አያመልጠውም።

ለእኛ አንባቢ አንድ መንጠልጠያ ልጨምር። ቤል ፐርዝ ላይ ስትከሰስ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው ሌላ ስኮትላንዳዊ ባለርስት ጎንደር ነበር። የብሩስን የጉዞ መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ከየት ዓይነት ቤት፣ ከየት ዓይነት ዕዳና ምኞት እንደመጣ ለማወቅ ጆንስቶኖች ይረዱታል።

ማለቂያ የሌለው ታሪክ

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አንጉሌም በምትባል ከተማ ማሪ ኤማር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ባሏ አናጺ ነበር፤ ሀብት ፍለጋ ወደ ግሬናዳ ተሻግሮ በዚያው በባሕር ማዶ ቀረ። በ1764 ማሪ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄዳ ባሏ የተወው ንብረት ካለ እንዲጣራላት ውክልና ሰጠች፤ ባሮችና በቅሎዎች ገዝቶ እንደነበር ሰምታለች። መጻፍ ስለማትችል አልፈረመችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴት ልጇ ስታገባ ግን በጋብቻ ውሉ ላይ 83 ሰዎች ፈረሙ። ሮትስቻይልድ መጽሐፉን የሚጀምሩት ከእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ነው፦ ከማትጽፍ ሴት ውክልናና በፊርማ ከተሞላ የሠርግ ውል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የፈረሙት እነማን ናቸው፣ ከማን ጋር ተዛመዱ፣ የት መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር የሚለውን ለማወቅ የከተማዋ የ1764 የደብር መዝገቦች ሙሉ በሙሉ ተለቅመዋል፤ በውስጣቸው ከ4,000 በላይ ሰዎች ይገኛሉ። ከዚያም የማሪ ቤተሰብ ወደ አብዮቱና ወደ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን እየተስፋፋ ይሄዳል። ከተወላጆቿ አንዱ በ1868 አልጄሪያ ውስጥ የነጫጭ አባቶችን የሚስዮናውያን ማኅበር የመሠረቱትና በኋላ በአፍሪካ የባሪያ ንግድ ላይ የዘመቱት ካርዲናል ላቪዠሪ ናቸው። ከቀድሞ አያቶቻቸው አንዱ ባሪያ ገዝተው ይሆናል በሚል ወሬ ከተጀመረው ታሪክ እስከ ካርዲናሉ ስብከት ያለውን ርቀት ሮትስቻይልድ ብዙ ሳይናገሩ ለአንባቢው ይተዉታል።

እንደ ንባብ ግን ከሦስቱ የሚያደክመው ይህ ነው። ታሪኩ ወደፊት ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከአንድ ሰው ወደ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ወደ አበዳሪው ይሻገራል። ስለ ሐሳብ የሚፈልግ አንባቢ በየገጹ የሚያጋጥሙት አበዳሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና ውል አዋዋዮች ናቸው። በእርግጥ ሐሳብ የለም ማለት አይደለም፤ በአንጉሌም የተነሣው የአበዳሪዎችና የተበዳሪዎች ጠብ ቱርጎ በ1770 ስለ ወለድ እንዲጽፍ ምክንያት የሆነው ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ የታወቀ ድርሳን ሆኖ የምናገኘው ነገር እዚህ የጎረቤቶች ክስ ሆኖ ይመጣል። የሮትስቻይልድን የሃያ ዓመት መንገድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ምርጫው

አንድ ብቻ የሚያነብ ሰው «የኢምፓየሮች ውስጣዊ ሕይወት»ን ይያዝ። ኢምፓየር፣ ፍልሰትና አብርሆት ሦስቱም በእኩል ድምፅ የሚናገሩት እዚያ ነው፤ አጻጻፉም ልብ ወለድ አንባቢን ጭምር ይይዛል።

ሁለት የሚያነብ ሰው ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር ያጣምር፤ መገናኛቸውም ግሬናዳ ትሁን። ደሴቲቱ እስከ ሰባት ዓመቱ ጦርነት የፈረንሳይ ነበረች፤ በ1763 በፓሪስ ውል ለብሪታኒያ ተላለፈች። ማሪ ስለ ባሏ ንብረት ስትጠይቅ ደሴቲቱ ሌላ መንግሥት ይዟት ነበር፤ አሌክሳንደር ጆንስቶን ደግሞ ከአዲሶቹ የእርሻ ባለቤቶች አንዱ ሆነ። አንዱ መጽሐፍ አገሩ ድል ባደረገ፣ ሌላው ደግሞ አገሩ በተሸነፈበት ሰው ቤተሰብ በኩል ያያታል። ሁለቱም ስለ ሸንኮራ ቆራጮቹ የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሰነዱን የጻፉት እነርሱ አልነበሩም። በባሪያዎቹ ሕይወት ላይ ማተኮር የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ወጥቶ ሌሎች ጸሐፊዎችን መፈለግ ይኖርበታል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ምክሩን በሰነዱ ይመዝን። የአንድን አሳቢ ጽሑፍ ወይም የአንድን ቃል ታሪክ የሚያጠና ከሆነ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምረዋል። የቤተሰብ ደብዳቤ ካርቶን ሙሉ ያለው ሰው ሁለተኛውን ይመልከት። በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት በወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፉትን የርስት ሽያጭና የጉልት መዝገቦች ለማጥናት ያሰበ ሰው ግን ሳይዘገይ ሦስተኛውን ይያዝ። ሻጭ፣ ገዥ፣ ምስክርና ዋስ በስም የተዘረዘሩበት የጎንደር መዝገብ በባሕርዩ ከአንጉሌም የጋብቻ ውል ብዙ አይርቅም፤ ከ83ቱ ፈራሚዎች እያንዳንዱን ለመለየት የተሄደበትን መንገድ እርሳስ ይዞ መከተል ከማንኛውም የአሠራር ዘዴ መማሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

በማኅበር ለሚያነቡ ደግሞ ሁለተኛው መጽሐፍ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ለመከፋፈል ይመቻል። እያንዳንዱ አባል አንድ ጆንስቶን ይውሰድና በዚያ ሰው በኩል መጽሐፉን ያንብብ፤ አንድ ሰው ግን ከቤተሰቡ ውጪ ቤልን ይውሰድ። ስለ ቤል የሚታወቀው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ውይይቱን እርሱ ይጀምር፤ የቀሩት አሥራ አንዱም በየተራቸው ሲናገሩ የያዙት ሰው በ1771 የት እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት ሞቶ ከሆነም ያንኑ አስቀድመው ይንገሩ።